ርስቱ የለም፣ ሰዎቹ ግን አሉ

ከአያት ሳጥን የወጣ የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ ስለ ቤተሰብዎ ምን ይነግርዎታል?

ወረቀቱ የት እንዳለ ምናልባት እርስዎም ያውቁ ይሆናል። አያትዎ ዘወትር ይደግሙበት በነበረው ዳዊት ገጾች መካከል ተጣጥፏል፤ አለዚያም ከድሮ የግብር ደረሰኞች ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ከብረት ሳጥኑ ሥር ተቀምጧል፤ አለዚያም ሳሎን ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ጀርባ፣ በካርቶኑና በመስተዋቱ መካከል ገብቷል። «የአባባ ኑዛዜ ነው» ይባላል። መኖሩን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ግን ሲፈለግ አይገኝም።

ጽሑፉ ማስቸገሩ አንድ ምክንያት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ፍርሃት ይመስለኛል። ኑዛዜ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፍርድ ቤት፣ ጠበቃና የተኳረፉ ወንድማማቾች ነው። «ተዉት፣ የተኛ ነገር አትቀስቅሱ» የሚል አጎት ደግሞ በየቤቱ አይጠፋም።

እኚህን አጎት ለማረጋጋት ሁለት ቀን መጥቀስ ይበቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ስለዚህ በንጉሡ ዘመን ወይም ከዚያ በፊት በተጻፈ ኑዛዜ ላይ የተዘረዘረው ጋሻ መሬትና የኪራይ ቤት ዛሬ የሚካፈሉት ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ተናዛዡ ራሱ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው ይላል። (ኑዛዜው የቅርብ ከሆነና ወራሾቹ በሕይወት ካሉ ነገሩ ሌላ ነው። እሱን ይዘው ወደ ሕግ ባለሙያ እንጂ ወደዚህ መጽሔት አይምጡ።)

ርስቱ ሲቀነስ ከወረቀቱ ላይ የሚቀረው የሰዎች ስም ነው። ቃል በቃል የወረስነው የዘር ቆጠራ አብዛኛውን ጊዜ የአባቶች ሰንሰለት ነው፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ። በዚህ ቆጠራ ሚስቶች የሉም፣ በልጅነታቸው የሞቱ የሉም፣ ጎረቤት የለም፣ ቤቱን ያቆመችው ሠራተኛ የለችም። ኑዛዜ ላይ ግን አሉ። የሚሞት ሰው ማን ከብት እንደሚጠብቅለት፣ ማን ብር እንዳበደረው፣ ማን እንደሚያለቅስለት ያውቃልና።

«ተናዘዘ» ስንል

በአማርኛ «ተናዘዘ» ስንል ሰውዬው ኃጢአቱን ለካህን ተናገረ ማለታችን ነው። ንብረቱን ለወራሾቹ አከፋፈለ ማለታችንም ነው። አንድ ቃል ለሁለቱም ያገለግላል፤ ሁለቱም ይፈጸሙ የነበሩት በአንድ አልጋ አጠገብ ነበር። ሕመሙ ሲጠና የነፍስ አባት ይጠራሉ። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ከደብሩ ጽሕፈት የሚያውቅ ደብተራ ወይም የአገሩ ጸሐፊ ይመጣና የሕመምተኛውን ቃል ይጽፋል። እናም በእጅዎ የያዙት የእጅ ጽሑፍ የአያትዎ እጅ ላይሆን እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁት። ቃሉ ግን የእርሳቸው ነው፤ ጸሐፊው በችኮላ ስለሚጽፍ አንዳንዴ የአነጋገራቸውን ለዛ ሳይቀር ያስቀረዋል።

የድሮ ኑዛዜ የራሱ አካሄድ አለው። በሥላሴ ስም ይጀምራል። ተናዛዡ አእምሮው እንዳልተናወጠ ይናገራል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ዕዳ ይመጣል፤ የማን ገንዘብ እንዳለበት፣ ማን የእርሱን እንደያዘ። ቀጥሎ ቀብሩና ተዝካሩ፤ የትኛው በሬ እንደሚታረድ፣ ስንት ቁና እህል እንደሚወጣ፣ ለፍትሐቱ ለካህናቱ ምን እንደሚሰጥ። ወራሾቹ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጨረሻም እማኞቹና ግዝቱ ይከተላሉ።

እኔን ከሁሉ የሚስበኝ የዕዳው ዝርዝር ነው። ወራሾችን በአብዛኛው አስቀድመን እናውቃቸዋለን። ለሸማኔው የቀረ ሁለት ብር፣ ከነጋዴው የተወሰደ ጨው፣ ለጎረቤት የተሰጠ የዘር ገብስ ግን የትም ሌላ ቦታ አይጻፍም። ያ ዝርዝር የአንድ ቤተሰብ የዕለት ኑሮ ነው። ከማን ጋር ይገበያዩ እንደነበር፣ ገበያቸው የት እንደሆነ፣ ማንን ያምኑ እንደነበር ከዚያ ያገኙታል።

ግዝቱ ደግሞ ሲያነቡት ያስደነግጣል። «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን» የሚለው ቃል ይህን ኑዛዜ የሚያፈርስ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እንዲለይ የሚያዝ ነው። ነገሩ የእርስዎ አያት ቁጣ ብቻ አይደለም፤ በዘመኑ ማኅተምም ፖሊስም በሌለበት ቦታ ሰነዱን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንኳ ልጅ ኢያሱን በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ ቃላቸውን ያጸኑት በአቡነ ማቴዎስ ግዝት ነው። ግዝት ያለበትን ወረቀት ላለማንበብ ሰበብ የሚያደርጉ ዘመዶች ያጋጥሙዎታል። የተገዘተው ያፈረሰው እንጂ ያነበበው እንዳልሆነ በትሕትና ይንገሯቸው።

የሙስሊም ቤተሰብ ከሆኑ ወረቀቱ «ወሲያ» ይባላል፤ በዐረብኛ ወይም በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ሊሆንም ይችላል። አነባበቡ ይለያል። የወራሾች ድርሻ በሸሪዓ የተወሰነ ስለሆነ፣ ወሲያ የሚደረገው ከሀብቱ እስከ ሲሶው ድረስ ባለው ላይ፣ በመሠረቱም ወራሽ ላልሆነ ሰው ነው። ይህ ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ ትልቅ ሲሳይ ነው። በወሲያ ላይ ስማቸው የሚገኘው በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች፣ ያገለገሉ ሰዎች፣ ጎረቤቶች፣ የሩቅ ዘመዶች፣ ባጭሩ ከዘር ሐረጉ ላይ የማያገኟቸው ሰዎች ናቸው።

ከማንበብዎ በፊት

ወረቀቱን ላሚኔት አያስደርጉ። ይህን ያህል ቆርጬ የምናገረው በመልካም ሐሳብ ላሚኔት ተደርገው የታፈኑ ሰነዶች ስላየሁ ነው፤ ሙቀቱ ይጎዳቸዋል፣ ፕላስቲኩም ተመልሶ አይነሳም። የተቀደደውን በስኮች አያጣብቁ። እጥፋቱ ከደረቀ በግድ አይዘርጉት። ፊደሉ ይጉላ ብለው ምራቅ ወይም ውኃ አያስነኩት፤ በአገር ቤት ከጥላሸት የሚሠራ ቀለም በውኃ ይለቃል። ለጥ አድርገው በንጹሕ ወረቀት መካከል፣ ከዚያም በፖስታ ውስጥ ያኑሩት። ፌስታሉ እርጥበት ያፍናል፤ ይጣል።

በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ፍላሽ አጥፍተው፣ በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርገው። የፊቱንም የኋላውንም፣ ባዶ የመሰለውንም ጠርዝ ጭምር። ከዚያ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ንጽጽሩን ከፍ ሲያደርጉት፣ በዓይን የማይታይ የደበዘዘ መስመር ብቅ ሊል ይችላል። ፎቶውን በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከመልቀቅዎ በፊት ግን ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ፊደሉን ለመልመድ አንድ ሁለት ምሽት ይፈጃል። በቃላት መካከል ያለው ሁለት ነጥብ አንዳንድ ጊዜ ይዘለላል። ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዳመጣጡ ይጻፋሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ቢመጣ ሁለት ሰው አድርገው አይቁጠሩት። ቁጥሩ የግእዝ ነው፤ በተለይ ፮ና ፯ በሚጣደፍ እጅ ይመሳሰላሉ። መለኪያዎቹም የዘመኑ ናቸው። አንድ ጥማድ ማለት አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ጋሻ ደግሞ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ሆኖ ከአገር አገር ይለያያል።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ስም ነው። በኑዛዜ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የክርስትና ስም ነው። ቤተሰቡ በዓለም ስማቸው የሚያውቃቸው አያት ወረቀቱ ላይ ወለተ ማርያም ወይም ኃይለ ሚካኤል ሆነው ይገኛሉ። ወንዱ ደግሞ በፈረስ ስሙ ሊጠራ ይችላል። አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እንደምንለው ማለት ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በባህላችን ስለሌለ፣ ሴቲቱም ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ፣ እያንዳንዱ ስም ራሱን የቻለ ቁልፍ ነው፤ «ወይዘሮ እገሊት የእገሌ ልጅ» የሚለው አንድ መስመር አንድ ትውልድ ወደ ላይ ያወጣዎታል።

ቀኑን ማግኘት

ብዙ የድሮ ኑዛዜ ዓመተ ምሕረት የለውም። ወንጌላዊው ግን አለ፤ «በዘመነ ሉቃስ በወርኃ ጥቅምት» ይላል። ይህ ከመሰለው በላይ ጠቃሚ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል አንድ ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ወንጌላዊውን ካወቁ ከአራት ዓመት ሦስቱን ጣሉ ማለት ነው። የቀረውን የሚያጠቡልዎት ወረቀቱ ላይ ያሉት ነገሮች ናቸው።

የእኛን ቤት ወረቀት እንደ ምሳሌ ላንሳ። የተናዘዙት የአያቴ አያት ናቸው። አንድ ቅጠል ወረቀት ነው፣ ፊትና ጀርባ። ዘመኑ «ዘመነ ሉቃስ»፣ ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ አልተጻፈም። መጀመሪያ ያገኘነው ፍንጭ ጠመንጃ ነው፤ የባላቸውን ውጅግራ ለበኩር ልጃቸው ይሰጣሉ። ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» የሚሉት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የወጣ ጠመንጃ ነው። ስሙን አገራችን ሲገባ እንዲህ አሳምረን አበላሸነው። ምንሽርም እንዲሁ ከማንሊኸር የመጣ ነው። ያ ግን ብዙ አላጠበበልንም።

ሁለተኛው ፍንጭ «በንግሥታችን በዘውዲቱ ዘመን» የሚለው ሆነ። ንግሥት ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ነገሡ። በዚህ መካከል ዘመነ ሉቃስ ሦስት ነው፤ 1911፣ 1915 እና 1919።

ሦስተኛው ፍንጭ ከዕዳው ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። «ባለቤቴ በኅዳር በሽታ ከሞተ ወዲህ» ይላሉ። የኅዳር በሽታ የምንለው በዓለም ዙሪያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ አዲስ አበባን የመታው ኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ የምናጤስበት ልማድም ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ይያያዛል። ጥቅምት 1911 ከኅዳር 1911 ይቀድማልና የመጀመሪያው ዓመት ወደቀ። ከሁለቱ የቀረውን የለየችው አያቴ ነች። ወረቀቱ ላይ «ጡት ያልጣለችው የልጅ ልጄ» ተብላ አንዲት ጊደር ተሰጥታለች። እናቷ ደግሞ በ1917 ዓ.ም. በጥምቀት ማግስት እንደወለደቻት ሁልጊዜ ትናገር ነበር። እንግዲህ ጥቅምት 1919 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ የአንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ልጅ።

በእርስዎ ወረቀት ላይ ፍንጩ ሌላ ይሆናል። ሰዎቹ የሚከፋፈሉት ጠገራ ብር ነው ወይስ ከ1937 ዓ.ም. በኋላ የወጣው የወረቀት ብር? «ጠላት ሳይገባ» ወይም «ጠላት ከወጣ በኋላ» የሚል አለ? ተፈሪ መኮንን ራስ ናቸው፣ ንጉሥ ናቸው ወይስ ንጉሠ ነገሥት? ማይጨው ላይ የሞተ አጎት በወራሽነት ተጠቅሶ ከሆነ፣ ወረቀቱ ከመጋቢት 1928 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ መሆኑን ያለ ምንም ሊቅ እርዳታ ያውቁታል።

እማኞቹን ይከተሉ

ወራሾቹን ጨርሰው የወረቀቱ ግርጌ ላይ ሲደርሱ አይድከሙ። እዚያ የተደረደሩት እማኞች ከወራሾቹ ይልቅ መንገድ ያሳያሉ። እማኝ የሚሆነው በቅርብ ያለ ሰው ነው፤ ጎረቤት፣ አበልጅ፣ የሚስት ወንድም፣ የአጥቢያው ቄስ። የቄሱ ስም ካለ ደብሩ አለ። ደብሩ ካለ አገሩ አለ። «የአባታችን አገር መንዝ ነው» ከሚለው ሰፊ ነገር ተነስተው አንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቁት ሰው ያገኛሉ።

ደብሮች ደግሞ የራሳቸው ማስታወሻ አላቸው። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ጠርዞች ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ሙግትና ኑዛዜ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚ የተባሉ የታሪክ ምሁር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ማስታወሻዎች ተጠቅመው የሰሎሞናውያኑን ዘመን የመሬት ታሪክ ጽፈዋል። ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ሲይዙ፣ ሲወርሱና ሲሟገቱ እዚያ ይታያሉ። የእርስዎ ሴት አያት በኑዛዜ ላይ «ከአባቴ ያገኘሁትን ርስት» ብለው ሲናገሩ ቢያገኙ አይገረሙ። በርስት ሥርዓት ሴት ልጅም ከአባትም ከእናትም በኩል ትጠይቅ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት በር አለ። አንዱ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። ሌላው ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ቢሆንም አያትዎን እዚያ ፈልገው በአንድ ቀን ያገኛሉ ብዬ አላታልልዎትም። ከመዝገብ ቤት በፊት የሚመጡት በቤት ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ መዝገቡ የትም አይሄድም፣ እነርሱ ግን ይሄዳሉ። ወረቀቱን ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። «መቼ ነበር?» ብለው አይጠይቁ፤ ዓመት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። «ይቺ ማን ነበረች?» ይበሉ። ስልኩ ይቅዳ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አይቸኩሉ።

የአባት ስም የሌላት ሴት

አሁን ፎቶውን ለሁሉም ከመልቀቅዎ በፊት ያልኩበት ምክንያት ላይ ደረስን።

በእኛ ወረቀት ላይ፣ ከልጆቹ ድርሻ በኋላ፣ ከተዝካሩ በሬ በፊት፣ አንዲት ሴት አለች። ሌሎቹ ሁሉ የአባታቸው ስም ተጠርቷል፤ የእርሷ የለም። «ከልጆቼ ጋር አብራ ያደገች፣ ከእንግዲህ ነፃ ናት፣ ማንም አይጠይቃት፣ ጎጆዋ ያለበትን ቦታ ከነጓሮው ሰጥቻታለሁ» ይላል። አንድ ላምም ተጨምሮላታል።

የአባት ስም የሌለው ስም በ1919 ዓ.ም. ወረቀት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። የባሪያ ነፃነት አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ነፃነቱን ቀስ በቀስ የሚሰጥ ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ሕግ የመጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ብዙ ሰው ነፃ የወጣው እንዲህ በሚሞት ሰው ቃል ነው። ኑዛዜ መናዘዝም ነው ያልኩት ለዚህ ነው። የአያቴ አያት ይህን መስመር ሲያጽፉ የነፍስ አባታቸው አጠገባቸው ነበሩ፤ ስማቸው ከእማኞቹ መጀመሪያ ላይ አለ።

የዚያች ሴት ልጆችና የልጅ ልጆች በሠርጋችንም በለቅሷችንም አሉ። «ዘመዶቻችን ናቸው» እየተባልን ነው ያደግነው፤ በማን በኩል እንደሆነ ግን ጠይቆ መልስ ያገኘ አልነበረም። ወረቀቱ ሲነበብ ቤተሰባችን ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ ለፋሲካ ስንሰበሰብ ይነበብ አሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ያ መስመር ይዘለል፣ ፎቶውም ይጥፋ አሉ።

እኔ ሁለቱም ልክ አልመሰሉኝም። ሽማግሌው የፈሩት ነገር ባዶ አይደለም። ዛሬም ልጅ ሊዳር ሲል ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለሥጋ ዝምድና ብቻ አይደለም፤ «አጥንቱ እንዴት ነው?» ተብሎ የሚፈርስ ጋብቻ አለ፤ በዚህ ከተማ፣ በዚህ ዘመን። በፋሲካ ገበታ ላይ ጮክ ብሎ የተነበበ አንድ መስመር የሌላ ቤት ልጅ ላይ የሚያመጣው ነገር በእኛ አይደርስም። ግን ደግሞ መስመሩን መዝለል፣ እኚያ ሴት እየሞቱ የተናገሩትን የመጨረሻ ቃል መካድ ይሆናል። ወረቀቱ የእኛ ቢሆንም ያ መስመር የእርሷ ልጆች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማንበብ ያለባቸው እነርሱ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ማን ይስማው፣ ማን አይስማው የሚለውን የሚወስኑትም እነርሱ።

የእርስዎ ወረቀት ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ይሆናል፤ «ልጄ አይደለም» ሲባል ኖሮ በአልጋ ላይ «ልጄ ነው» የተባለ። ወይም ተክዶ የቆየ አደራ። መንገዱ ያው ይመስለኛል። ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች ለብቻቸው፣ በቤታቸው፣ የሁለቱንም ቤት የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ። ፎቶውን ሳይሆን ወረቀቱን ራሱን ይዘው ይሂዱ። ፊደሉን በዓይን ማየት ለሰው ሌላ ነው።

እኛ የሄድነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እናቴና እኔ፣ አንድ አብሮ አደግ ሽማግሌም ነበሩ። የዚያች ሴት የልጅ ልጅ የሆኑት እትዬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቡና አፈሉ። እናቴ ወረቀቱን ስትዘረጋ መነጽራቸውን አጥልቀው ራሳቸው አነበቡት፤ የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ስለሆኑ ከእኛ ይልቅ ፈጠን ይሉ ነበር። መስመሩ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። «ይሄንንማ እናውቃለን» አሉ። «እናንተ እንደማታውቁ ነው የምናውቀው።»

ከዚያ የጎጆው ቦታ የት እንደነበር ነገሩን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከትልቁ ዋንዛ አጠገብ። ላሟ ቡሬ እንደነበረች፣ ስንት እንደወለደችም ያውቃሉ። የሴት አያታቸውን አባት ስምም ያውቁት ነበር፤ ከየት እንደመጣች፣ ስትመጣ ስንት ዓመቷ እንደነበር ጭምር። ይህን ወረቀቱ ላይ ጨምሩበት አላሉንም። እኛም በሌላ ወረቀት ጽፈን አብረን ፖስታው ውስጥ አስቀመጥነው፤ አንድ ቅጂ ለእርሳቸው ቀረ።

ሊመሽ ሲል ወረቀቱን መልሰው አነሱና ወደ መስኮቱ አዞሩት። የአራተኛው እማኝ ስም እጥፋቱ ላይ ስለዋለ እኛ ማንበብ አቅቶን ነበር። «ወልደ» የሚለው ለእኛም ታይቶናል። እርሳቸው ደግሞ ቀጥሎ ያለው «ጊ» ነው ይላሉ። እናቴ «ሚ» ነው ትላለች። ሽማግሌው በሚቀጥለው እሑድ ከደብሩ አንድ መሪጌታ ይዘው ሊመጡ ተስማምተናል።